እርጥብ ሆኖ የዳነው ቁስሌ

ሕመሜ ሲጀምረኝ አላመመኝም። ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ካለ፣ ይህችን አንድ ነገር ብቻ ይያዝልኝ። እግሩ የሚያቃጥለው፣ የሚወጋው፣ የሚቆረጥመው ሰው እግሩ እየነገረው ነው። የኔ እግር ግን ምንም ሳይነግረኝ ነው ለመቆረጥ የደረሰው።

ስሜ ማሩ ነው። ኮኪት ነው የምኖረው። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ የትራክተር ሾፌር ነኝ፤ ከመተማ እስከ አብደራፊ ያለውን የሰሊጥና የማሽላ መሬት የማረሻ ዲስክ እየጎተትኩ ገልብጬዋለሁ ብል ብዙም አላጋነንኩም። ቀጭን ሰው ነኝ፤ ድሮም ሥጋ የለኝም። ስኳር በሽታ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል የወፍራም ሰው በሽታ ነው ብለው ከሚያምኑት አንዱ ነበርኩ። አሁን ጓደኞቼ «ስምህም ማሩ፣ ደምህም ማር» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሳቁ የመጣው ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ ውሃ ጥም ነበር። ግን እኛ አገር፣ በሚያዝያ ፀሐይ፣ ውሃ የማይጠማው ማን አለ? ጀሪካኔን ከመቀመጫዬ ጎን አስሬ እየጠጣሁ አርሳለሁ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ሲመጣብኝ የጠጣሁት ነው አልኩ። ሱሪዬ ወገቤ ላይ ሲሰፋ ሥራ ነው አልኩ። ጥጥ ላይ የቆምኩ ያህል ውስጥ እግሬ ሲደነዝዝብኝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚነዝረኝ ሞተር ነው ብዬ ተውኩት። ለሁሉም ምክንያት አላጣሁለትም።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ባለእርሻው ሁሉ «ቶሎ! ቶሎ!» በሚልበት ሰሞን፣ አመሻሹ ላይ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ጥሩነሽ የእግር ውሃ አቀረበችልኝ። ግራ ጫማዬን አወለቅኩ። ቀኙ አልወልቅ አለኝ።

«ቆይ እስኪ፣ እኔ ላውልቀው» አለችና ጎንበስ ብላ ያዘችው። «ማሩ፣ ጫማህ እኮ ቀልጧል!»

እውነቷን ነው። የዚያ ትራክተር የወለል ምንጣፍ ከተቀደደ ቆይቷል፤ ብረቱ ከካምቢዮው በሚመጣው ሙቀት ይግላል። ቀኑን ሙሉ ቀኝ እግሬን እዚያ ላይ አሳርፌ ነው የዋልኩት። የላስቲክ ጫማው ሶል ቀልጦ ከውስጥ እግሬ ጋር ተጣብቋል። ጥሩነሽ ቀስ አድርጋ ስትስበው፣ ከትንሿ ጣቴ ሥር ቆዳው ተልጦ አብሮ ወጣ።

«አላመመህም?» አለችኝ።

«ምኑ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከቁስሉ ይልቅ ያስደነገጣት የኔ መልስ ነበር።

በማግስቱ የሚያውቀኝ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ የካፕሱል ዱቄት ነስንስበት አለኝ፤ ነሰነስኩበት። ሌላው ቁስል ፀሐይ ካልነካው አይድንም አለ፤ እሑድ እሑድ እግሬን ደጃፌ ላይ ለፀሐይ ዘርግቼ ዋልኩ። አማቴ እማማ ስንዱ ደግሞ የደረቀ ቅጠል ወቅጠው ላኩልኝ። የሁሉም ምክር አንድ ነበር፤ ማድረቅ። ደረቀም። ጥቁር ቅርፊት ያዘ። «ይኸው ዳነ» ተባባልን። ከቅርፊቱ ሥር ግን እየበላኝ ነበር።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ባለሙያ የጊንጥ መርዝ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ የቆዳ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ቅባት ተሰጠኝ። ደሜን ያየልኝ አልነበረም፤ እኔም «እዩልኝ» አላልኩም። ደግሞስ የሰሊጥ ዘር ጊዜው ካለፈ አለፈ ነው፤ አሠሪዬ አቶ ካሳ በየጠዋቱ ይደውላሉ። እግሬን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ትራክተሬ ተመለስኩ። ያላመመኝን እግር ምን ብዬ ላስታምመው?

ሽታው ቀድሞ የሸተታት ጥሩነሽ ናት። እኔን ላለማሳፈር ለብዙ ቀን ምንም አላለችም፤ የማታ ማታ አልጋውን ወደ መስኮቱ ስታስጠጋው ገባኝ። ቀጥሎ ብርድ ብርድ አለኝ። ወባ ነው አልኩ። ቆላ ውስጥ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ሁሉ ወባ ነው። እያረስኩ ሳለ ዓይኔ ተጋረደ፤ ፍሬን እንደምንም ረግጬ ትራክተሩን አቆምኩት እንጂ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም። የሥራ ባልደረባዬ በፒክ አፕ ጭኖ መተማ ዮሐንስ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ጥሩነሽም ደረሰች።

ያን ቀን የተራ መጠበቂያው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከደጋ ለአረም የመጡ የቀን ሠራተኞች ነጠላቸውን ተከናንበው ወለሉ ላይ ተኝተዋል፤ ከጦርነቱ ሸሽተው በድንበር ከተማዋ በገላባት በኩል የተሻገሩ የሱዳን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ጥሩነሽ አግዳሚው ላይ ቦታ ፈልጋ አጣች። ሰፊ ቶብ የለበሱ አንዲት ሱዳናዊት እናት ተነሥተው እኔን በቦታቸው አስቀመጡኝ። ሐጃ ዘይነብ ይባላሉ። ለዓመታት ድንበሩ ላይ ሲነግዱ ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ። እግሬን ከነጨርቁ አዩት፤ ሽታውም ሳይደርሳቸው አልቀረም።

«ሱከሪ አለብህ?» አሉኝ። ስኳር ማለታቸው ነው።

«የለብኝም፣ ሐጃ።»

«ማን ነው የለብህም ያለህ?»

ባለቤታቸው በዚሁ በሽታ አንድ እግሩ ተቆርጦ እንደኖረ፣ በኋላም እንደሞተ ነገሩኝ። ከዚያ ተራቸው ሲጠራ አልተነሡም፤ ወደ በሩ እያመለከቱ «ይሄ ሰውዬ ይቅደም» አሉ። ጥሩነሽ እጃቸውን ልትስም ስትል «ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ ምንም አይደል፣ ግቡ» ብለው ገፉን።

የተቀበለችን ነርስ ሲስተር መሠረት ነበረች። ጣቴን ወግታ ደሜን በትንሿ መለኪያ ስታይ መለኪያው ቁጥር አልሰጥ አላት። ተበላሸ ብዬ ነበር።

«አልተበላሸም፣ ጋሼ ማሩ» አለችኝ። «ስኳርዎ ይሄ ማሽን ከሚቆጥረው በላይ ሆኖ ነው።»

ከዚያ ዓይንዎን ይጨፍኑ አለችኝ። የዓሣ ማጥመጃ ክር የመሰለች ቀጭን ክር ይዛለች። «እግርዎን በነካሁ ቁጥር ‹ነካሽኝ› ይበሉኝ።» ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ሌላ ሥራ ይዟት ይሆናል ብዬም ትንሽ ታገስኩ።

«ጀምሪ እንጂ፣ ሲስተር» አልኩ በመጨረሻ።

«ጨርሻለሁ» አለችኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ጥሩነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች።

ሲስተር መሠረት ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ስኳር ደም ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሲበዛ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ነርቭ ከደነዘዘ ሰው ቢቃጠል፣ ቢወጋ፣ ጠጠር ቢረግጥ አያውቀውም። የቆሰለው ደግሞ ስኳሩ ሳይወርድ አይድንም። ኢንሱሊን ጀመረችልኝ፣ ለኢንፌክሽኑ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ከዚያ ቁስሉን እዚህ መክፈት አንችልም ብላ ወደ ጎንደር ላከችን።

በሸህዲና በአይከል አድርገን ወጣን። ከሙቀቱ ወደ ብርዱ ስንወጣ ጥሩነሽ ነጠላዋን ለእግሬ ደረበችልኝ፤ ስለ ብርዱ የነገራት እግሬ ሳይሆን ፊቴ ነበር። ለጉዞውም ለመድኃኒቱም ሞተር ሳይክሌን ሸጠን ነው የወጣነው። ታላቅ ወንድሜ ጎንደር ስለሚኖር እሱ ቤት አረፍን።

ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ረጋ ያለ ወጣት ነው። ሁለት ጣቱን የእግሬ ጀርባ ላይ አሳርፎ የደም ትርታ ፈለገ፤ ሲያገኘው ራሱን ነቀነቀ። «ትንሿ ጣት ሞታለች፤ እሷን አናተርፋትም። ከሥሯ ያለው ቁስል አጥንት ከነካ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ለመቁረጥ ልንገደድ እንችላለን። ራጅ ይነሡ» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ቤተሰቤ ለሁለት ተከፈለ።

«ይቆረጥና ይትረፍ» አለ ወንድሜ። «ልጆች አሉት። እግር ያለው አስከሬን ምን ያደርግልናል?»

«ራጁ ሳይታይ ማንም አይፈርምም» አለች ጥሩነሽ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ለዚህ ነው ራጁ ይታይ የምለው።»

ከተጋባን ጀምሮ ጥሩነሽ ለወንድሜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አሁንም ከፍ አላደረገችም፤ ግን ከሐኪሙ ክፍል በር ላይ ንቅንቅ አላለችም። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። እግር የሌለው የትራክተር ሾፌር ምን ተብሎ ይጠራል እያልኩ አስባለሁ። በእነዚያ ሰሞናት ሌሊት ስባንን ቀድሞ እጄ ነው የሚነቃው፤ እግሬ መኖሩን ይዳስሳል።

ራጁ መጣ። አጥንቱ ንጹሕ ነው።

«ዕድል አለን» አለ ሐኪሙ። «ደሙ እስከ ጣቶችዎ ይደርሳል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እኔ የማደርገው ግማሹን ነው። ስኳሩ ካልወረደ፣ እግሩም ካላረፈ ተመልሰው ይመጣሉ። ያን ጊዜ የምንነጋገረው ሌላ ነው።»

ትንሿን ጣቴን ወሰዷት፤ የሞተውንም ሥጋ ጠርገው አወጡት። ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅኩት ቁርጭምጭሚቴን ነበር። «አለ» አለች ጥሩነሽ፤ እጄንም ወስዳ አስነካችኝ።

ከሆስፒታል የወጣሁት ውስጥ እግሬ ላይ እንቁላል የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ይዤ ነው። ልጆቹን ለእማማ ስንዱ ትተን፣ ጤና ጣቢያው አጠገብ መተማ ዮሐንስ አንዲት ክፍል ተከራየን። ለመጀመሪያው ሰሞን ኢንፌክሽኑ እስኪጠፋ በተራ ፋሻ ታሸገልኝ። መግሉ ጠፍቶ ቁስሉ መድረቅ ሲጀምር እኔና ጥሩነሽ ደስ አለን። ሲስተር መሠረት ግን አልተደሰተችም።

«ጋሼ ማሩ፣ ይሄ ቁስል ሲደርቅ ይቆማል እንጂ አይሞላም» አለችና ከጎንደር ያስመጣችልንን ቱቦ ከፈተች። ከውስጡ ብርጭቆ የመሰለ፣ የሚያንሸራትት ዝልግልግ ነገር ወጣ። «ሃይድሮጄል ይባላል። አብዛኛው ውሃ ነው። ቁስሉን እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል፤ የቀረውን የሞተ ሥጋ አለስልሶ ያነሣዋል፤ አዲሱ ሥጋ በእርጥቡ ላይ እየተሳበ ይሞላል።»

«እርጥብ ቁስል ይሸታል እንጂ ይድናል?» አልኳት።

«የሚሸተው መግል ያለበት ነው። ለዚህ ነው እስከዛሬ ያላደረግኩልዎት። አሁን ንጹሕ ነው፤ ደም ይደርሰዋል፤ ስኳርዎም እየወረደ ነው። ጄሉ ጊዜው አሁን ነው።»

እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም። ኋላ ክፍላችን ገብቼ ጋደም ስል ግን ስለ መሬት አሰብኩ። የደረቀ አፈር ላይ የወደቀ ሰሊጥ አይበቅልም። ውሃ የተኛበት ሰሊጥም ይበሰብሳል። ሰሊጥ የሚወደው ርጥበት ነው። ይህን ከማንም በላይ አውቀው የለም እንዴ? በማግስቱ እግሬን ራሴ ዘረጋሁላት።

ያስቸገረን የሰው ምላስ ነበር። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ «ቁስል በቅባት ሲያበሰብሱ ዝም ትያለሽ?» እያለ ጥሩነሽን ይወቅሳታል። እማማ ስንዱ ከኮኪት ድረስ መጥተው፣ እግሩ ፀሐይ ካላየ ልጆቹን መልሼ አመጣልሻለሁ ብለው አስፈራሯት። ጥሩነሽ እናቷን አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። ቁስሉ በታጠበ ቁጥር ፎቶ ታነሣው ነበር። የመጀመሪያውን አሳየቻቸው፤ ቀጥሎ ያለውን፤ ቀጥሎ ያለውን። ጉድጓዱ መጀመሪያ ላይ ግራጫ ነበር፤ ከዚያ ቀይ ነጠብጣብ ታየበት፤ ከዚያ እንደ ሮማን ፍሬ ቀላ። እማማ ስንዱ ስልኩን አርቀው፣ አቅርበው አዩት። ከዚያ ተነሥተው የልጆቹን ልብስ ሊያጥቡ ኮኪት ተመለሱ።

ማሸጉን ጥሩነሽ ተማረችው። መጀመሪያ ሲስተር መሠረት እያየቻት፤ ኋላ ብቻዋን። እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ ቁስሉን በጨው ውሃ ታጥባለች፤ ጄሉን ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ታደርጋለች፤ ጎዝ የሚባለውን ስስ ጨርቅ ትደርብበታለች፤ ፋሻውን ሳታጠብቅ ትጠቀልላለች። የመተማ ሙቀት ለጄልም ለኢንሱሊንም አይሆንም፤ ፍሪጅ የለንም። እርጥብ አሸዋ የሞላ ገንቦ ውስጥ ሌላ ትንሽ ማሰሮ አስገብታ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጣ፣ ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውሃ እያጠጣች ሁለቱንም አቀዘቀዘቻቸው። በዚያ ሙቀት ያ ገንቦ ከእኛ የተሻለ ቦታ ነበረው።

አንድ ጊዜ የቁስሉ ዳር ነጣ፤ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ጣት ተጨማደደ። ጥሩነሽ «አበላሸሁት» አለችና ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር መሠረት አየችውና «በዝቶ ነው፤ ጤነኛው ቆዳ ላይ ፈስሷል» አለች። ጄሉን አሳነሰችው፤ ዳሩን ቫዝሊን እንድትቀባው ነገረቻት፤ በጥቂት ቀን ዳሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ውሃ የተኛበት ሰሊጥ ማለት ይኼ ነው አልኩ በልቤ።

ለኔ ከሁሉም የከበደኝ ግን እግሩን አለመርገጥ ነው። ክራንች ይዤ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ። ቀትር ላይ፣ ከተማው በሙቀት ጸጥ ሲል፣ ፍርሃቴ ይመጣል። ይሄ ሁሉ ተደርጎ መጨረሻው ያው መቆረጥ ቢሆንስ? እንደዚያ እያሰብኩ ሳለሁ ነው አቶ ካሳ የመጡት። የሰሊጥ አጨዳ ደርሷል፤ ጎታቹ ትራክተር ሾፌር የለውም።

«ማሩ፣ መሪውን ያዝልኝ እንጂ በእግርህ ሂድ አላልኩህም» አሉኝ። «ለጥቂት ቀን ነው።»

አፌን ከፈትኩ። እሺ ልል ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆማ ቀደመችኝ።

«አቶ ካሳ፣ ለትራክተሩ ሌላ ሾፌር ይፈልጉለት። እኛ ለማሩ ሌላ እግር አናገኝለትም።»

ተቀይመው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁና «ሲድን ትራክተሩ የሱ ነው» ብለው ወጡ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። የጸጥታው ነገር ሲደፈርስ ከጎንደር መኪና አይወርድም፤ ጄላችንም አለቀ። ሲስተር መሠረት ኖርማል ሳላይን በሚባለው የጨው ውሃ ጎዝ እየነከርን ቁስሉ እንዳይደርቅ በቀን ደጋግመን እንድንቀይር ነገረችን። በዚያ ሙቀት ጎዙ ወዲያው ይደርቃል። ጥሩነሽ ከአጠገቤ መራቅ አልቻለችም፤ ገበያ እንኳ አትሄድም። ተራቸውን የለቀቁልንን ሐጃ ዘይነብን አንድ ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘናቸውና ይህን ነገርናቸው። ከሰዓት በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ክፍላችን መጡ።

«የባሌ ነው። ከካርቱም ይዤው ወጣሁ። ሌላው ሁሉ ቀረ፤ ይሄ መጣ።»

ያልተከፈቱ የጄል ቱቦዎች ነበሩ። ሲስተር መሠረት ማብቂያ ጊዜያቸውን አየች፤ ማሸጊያቸው አለመከፈቱን መረመረች፤ ይሆናል አለች። ሴትየዋ ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ ወርቅና ልብስ ሳይሆን የባላቸውን መድኃኒት ለምን እንደያዙ ልጠይቃቸው ፈልጌ አፈርኩ። እሳቸው ግን እግሬን እያዩ «እሱ ይሄን ሳይጨርስ ሞተ። አንተ ጨርሰው» አሉኝ።

ጨረስኩት።

መንገዱ ተከፍቶ ጎንደር ለቀጠሮ ስንወጣ የቁስሉ ቦታ ላይ ሮዝ ስስ ቆዳ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። እግሬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ወጥቶ ሄደና ሌሎች ወጣት ሐኪሞችን አስከትሎ ተመለሰ።

«ይህን እግር ለመቁረጥ ትንሽ ቀርቶን ነበር» አላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ያሸገልዎት ማን ነው?» አለኝ።

ጥሩነሽ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። በጣቴ አመለከትኳት። ወጣቶቹ ሐኪሞች ሁሉ ዞረው አዩዋት። ጄሉን እንዴት እንዳስቀመጠችው፣ ዳሩ ሲነጣ ምን እንዳደረገች ጠየቋት። መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትመልሰው፤ በኋላ ስልኳን አውጥታ ፎቶዎቹን ማሳየት ጀመረች፤ እነሱም ከበቧት። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ስንወጣ ቦርሳዋን ተቀብሎ ያዘላት። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ ደረቴ እንደዚያን ቀን ተነፍቶ አያውቅም።

ጄሉ ብቻውን አላዳነኝም። ይህን የምለው ማንም ተነሥቶ ቱቦ ገዝቶ ቁስሉ ላይ እንዳያፈስ ነው። መግል ላለበት፣ ደም ለማይደርሰው እግር ሐኪሙ ሌላ ነገር ያዛል። ስኳሬ ወርዷል፤ የሞተው ሥጋ ተጠርጓል፤ እግሬም አርፏል፤ ጄሉ በዚያ ላይ መጣ። አሁን በየማታው ውስጥ እግሬን በመስታወት አያለሁ፤ ጫማዬን ከማድረጌ በፊት በእጄ ውስጡን እዳስሳለሁ። አቶ ካሳ ለትራክተሩ ወፍራም ምንጣፍ አስነጠፉለት፤ እኔም የቆዳ ጫማ እንጂ ላስቲክ አላደርግም። በተከታዩ ክረምት መሪዬ ላይ ተመልሻለሁ። ዘጠኝ ጣት ይዤ ፍሬን ስረግጥ ማንም ልዩነቱን አያውቅም።

ባለፈው አጨዳ ላይ ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር የሆነው። ጥሩነሽ ስንቅ ይዛልኝ እርሻው ድረስ መጥታ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ከመጡት ሠራተኞች አንዱ፣ ግንድ የሚያህል ጎበዝ፣ ሲራመድ እግሩን ይጎትታል። ምን ሆንክ ስለው ምንም አልሆንኩም አለ። ያመኛል አላለም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ የቀኝ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ካልሲዬን አወለቅኩ፤ የጎደለችውን ጣቴንና ጠባሳዬን በሰው ሁሉ ፊት አሳየሁት።

«እኔንም አላመመኝም ነበር» አልኩት።

ከዚያ እሱም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

ጥሩነሽ አጠገቡ ተንበርክካ እግሩን ጭኗ ላይ አደረገችው። ተረከዙ ሥር የተሰነጠቀ ቁስል አለ፤ አፈር ገብቶበታል። አልነካችውም። ዙሪያውን አየች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ገልጣ አየች፤ ውሃ ይጠማው እንደሆነ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣበት እንደሆነ ጠየቀችው። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ተነሥ» አለችው። «ዛሬውኑ መተማ ዮሐንስ ነው የምንሄደው። ደምህ ይታያል። እስከዚያ እንዳትረግጠው፤ ምንም ነገር እንዳትነሰንስበት፤ ፀሐይም ላይ እንዳታሰጣው።»

መኪና ልትፈልግ ስትሄድ ሰውየው በዓይኑ ሸኛት፤ ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ሐኪም ናቸው?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይደለችም» አልኩት። «ባለቤቴ ናት።»